ዳኛው ሕጉን ያንብብልን

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ የሕግ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ! አሰላሙ አለይኩም! አካም ጅርቱ!

ወግ አጥባቂ ነህ ይሉኛል። ነኝ፤ አላፍርበትም። ግን ይህን የሚሰማ ሰው የድሮ ዘመን ናፋቂ ወይም የባለሥልጣን ጠበቃ እመስለዋለሁ። ሁለቱንም አይደለሁም። የምለው ይህን ነው፦ ሕግ እስኪለወጥ ድረስ ሕግ ነው። የሚለውጠውም ሕዝብ የመረጠው ምክር ቤት ነው፤ ያውም በሥርዓቱ። ዳኛ የተጻፈውን አንብቦ ይፈርዳል። ከላይ ቢደወልለትም፣ ፌስቡክ ላይ ቢዘመትበትም፣ የገዛ ልቡ ሌላ ቢለውም።

ይህን ከማንም አልተዋስነውም። አያቶቻችን ዘንድ መንገድ ላይ የሚደባደብ ሰው «በሕግ አምላክ!» ሲባል ቀጥ ይል ነበር። ባለጋሮች ኩታቸውን አቆራኝተው፣ ፖሊስ ሳይጎትታቸው፣ ዳኛ ፊት አብረው ይሄዱ ነበር። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» የሚለው ሕዝብ የሚቆጨው ስለ ጭብጦዋ ነው። በቅሎዋ በዳኛ ቃል ሄዳለችና።

ዛሬስ? ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 79 ዳኞች «ከሕግ በስተቀር በሌላ ሁኔታ አይመሩም» ይላል። ከዚህ በላይ ግልጽ አማርኛ አላውቅም። አንቀጽ 19 ደግሞ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፤ የመንገዱ ጊዜ ሳይታሰብ። ግን ዋስ ተፈቅዶለት ገና ደጅ ሳይወጣ በሌላ ክስ ጠርጥረንሃል ተብሎ መልሶ የሚያዝ ሰው እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አዲስ ነገርም አይደለም። ብርቱካን ሚደቅሳ ዳኛ ሳሉ የቀድሞውን የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን በዋስ ለቀቁ። ስዬ ግን ወዲያው ተመልሰው ታሰሩ። ስዬን መውደድ ወይም መጥላት የየራሳችን ጉዳይ ነው። የዳኛዋ ትእዛዝ ግን የሁላችንም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሹም ተቀያየረ፤ ልማዱ አብሮን ቀረ። በዚህ ከማንም በፊት መቆጣት ያለበት ወግ አጥባቂው ነው። የዳኛ ቃል ካልተከበረ የምንጠብቀው ወግ የቱ ነው?

ወደ አገራችን ፖለቲካ ልምጣ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነበረን፤ በ1948 ተሻሻለ። አብዮቱ መጣና ተጣለ። ደርግ የራሱን ጻፈ፤ እሱም ከደርግ ጋር ሄደ። በ1987 አሁን ያለው ጸደቀ። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ከሀ እንጀምራለን። አሁን ደግሞ የአገራዊ ምክክሩን ተከትሎ ስለ ማሻሻል ብዙ ይወራል። ይወራ፤ ጥሩ ነው። እኔም የማልወደው አንቀጽ አለኝ። ግን በሩ አንቀጽ 104 እና 105 ነው። ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ተስማምተው የሚያልፉበት ነው። የመብቶቹን ምዕራፍ ለመንካት ደግሞ የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል። አዎ፣ ከባድ ነው። ሆን ተብሎ የከበደ ነው፤ እኔ ደግሞ ክብደቱን እወደዋለሁ።

2012ን አስታውሱ። ኮሮና ገባ፣ ምርጫው ተራዘመ። በወረርሽኙ አልከራከርም፤ ሰው ይሞት ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ዘመን ግን አምስት ዓመት ነው ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። ሕገ መንግሥቱን የመተርጎም ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በትርጉም አራዘመው። የሕገ መንግሥት አጣሪ ጉባኤ ባለሙያዎችን በቴሌቪዥን ፊት መስማቱን አደንቃለሁ። ሆኖም ግልጽ ቁጥርን በትርጉም መዘርጋት አደገኛ ልማድ ነው ብዬ ያኔም አምኛለሁ፣ ዛሬም አምናለሁ። ለበጎ ሲባል የተዘረጋ ነገር ነገ ለክፉም ይዘረጋል።

አሁን ከአዲስ አበባ ወደ ቤታችን ወደ ጅማ እንመለስ። በዞናችን በአንዱ ፍርድ ቤት ግቢ ያየኋትን እናት ልንገራችሁ። ከአጋሮ በኩል ነው የመጣችው። የውርስ መሬት ጉዳይ ነው። የመዝገቧን ኮፒ በፌስታል ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች። ከደጅ ካለው ማመልከቻ ጸሐፊ ዘንድ ተራ ጠብቃ፣ ከፍላ አጽፋለች። ውስጥ ስትገባ «ዳኛው ስብሰባ ናቸው፤ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» አሏት። የፍርድ ቤት ስብሰባ እንዳይመስላችሁ። የአስተዳደሩ ስብሰባ ነው፤ ዳኛውም እንደማንኛውም ሠራተኛ ተጠርቶ ሄዷል። አልጮኸችም። ፌስታሉን መልሳ ጠቀለለችና ወደ መናኸሪያ ሄደች። አንቀጽ 79ን ለዚያች ሴት ማን ያንብብላት?

ሌላም አለ። ፍርድ ቤቶች ነሐሴና መስከረም ለእረፍት ይዘጋሉ፤ አጣዳፊ ጉዳይ ብቻ ነው የሚታየው። የሚከፈቱት ጥቅምት ላይ ነው። ጥቅምት ደግሞ ለጅማ ገበሬ ምን እንደሆነ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ቡናው ቀልቷል፤ ለቃሚ ተፈልጎ አይገኝም። ሰውየው ወይ ቡናውን ይተዋል፣ ወይ ቀጠሮውን።

ለዚህ ነው የአባቶችን ሽምግልና የምወደው። ኦሮሚያ በ2013 ለባህል ፍርድ ቤቶች ሕግ ማውጣቱ ትክክል ነበር። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችም በሕግ የታወቁ ናቸው፤ ብዙ የጅማ ቤተሰብ ውርሱንና ትዳሩን በቃዲው ዘንድ በሰላም ይጨርሳል። ግን እዚህም ላይ የተጻፈውን እናንብብ። አንቀጽ 34 በግልም ሆነ በቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖትና በባህል ሕግ መዳኘት የሚቻለው ባለጉዳዮቹ ሲፈቅዱ ነው ይላል። እህታችንን ወንድሞቿ ከብበው «ሽማግሌ ጨርሶታል» ካሏት ያ ሽምግልና አይደለም። ባህልን የሚወድ ሰው ይህን ቀድሞ መናገር አለበት።

የሕግ ተማሪዎች፣ ነገ ወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ። ደግ ዳኛ ሁኑ አልላችሁም፤ ደግነት ከቤታችሁ ይዛችሁት የምትመጡት ነው። ሕጉ መጥፎ መስሎ ከታያችሁ በውሳኔያችሁ ላይ ጻፉት፣ ምክር ቤቱ ይስማ፤ ፍርዱን ግን በሕጉ ስጡ።

የዞኑና የከተማው ኃላፊዎችም እዚህ አላችሁ። ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። ዳኛን ወደ ስብሰባችሁ አትጥሩ። የቡና ወረዳዎች ቀጠሮ ከለቀማው ወቅት ጋር እንዳይጋጭም ጥያቄውን ከዚህ አዳራሽ ጀምራችሁ በደብዳቤ ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቅርቡ። ደብዳቤውን ለማርቀቅ እኔና ባልደረቦቼ ዝግጁ ነን።

አመሰግናለሁ።