ገናን ሰኞ ያዋልንበት ዓመት

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ከድምፄ ኋላ ዝናብ ከተሰማችሁ ይቅርታ፤ ነሐሴ ነው፣ ያለሁትም ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ነው። የምቀዳው አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ ነው። ሠራተኞቹ ወጥተዋል፣ ማሽኑ ቆሟል። ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። አንዱ የ2018 የግድግዳ ካላንደር ፕሩፍ ነው፤ ከመታተሙ በፊት ስህተት የሚታይበት ናሙና። ሌላው ሒሳብ ሠራተኛችን ያወጣችልኝ ስም ዝርዝር፤ ለእንቁጣጣሽ የምስጋና ስጦታ የሚደርሳቸው 40 ደንበኞች።

ለማታውቁኝ፣ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለን። ካርኒ፣ ቢዝነስ ካርድ፣ የሠርግ ጥሪ፣ ባነር እንሠራለን። ከሐምሌ በኋላ ግን የምናትመው የሌላ ሰው ስጦታ ነው። ድርጅቶች ይመጡና ካላንደር፣ አጀንዳ፣ እስክሪብቶ፣ ኮፍያ፣ የቁልፍ መያዣ ያዛሉ። ዲዛይኑን ስናሳያቸው ሁሉም አንድ ነገር ይላሉ፦ «ሎጎው ትንሽ ተለቅ ይበል።» እናተልቀዋለን፤ ሥራችን ነው። አንዱማ እስክሪብቶ ላይ የፋክስ ቁጥር አስጽፏል። ማን ፋክስ ይልካል አሁን? ግን እኮ ለሰው ነጠላ ስትሰጡ ጥለቱ ላይ ስማችሁን አታስጠልፉም።

እኔም ብዙ ተሳስቻለሁ። አንድ ዓመት ውስኪ ይሁን ተባለ። ዝርዝሩን ሳይ ገሚሱ ሙስሊም ወይ ጴንጤ ነው፤ ያኔውኑ ቀረ። አምና ደግሞ ኬክ አልን። ክሬም ያለው፣ የሚያምር ኬክ። ማክሰኞ ከሰዓት በሞተር አከፋፈልነው። እንቁጣጣሽ አምና የዋለው ረቡዕ ነበር። ረቡዕ! ካላንደሩን ያተምኩት እኔ፣ ረቡዕን በቀይ ያቀለምኩት እኔ፣ ለጾም ቀን የወተት ኬክ የላክሁትም እኔ። አንዲት ደንበኛችን ደውላ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጎረቤቶቼ እነ ሐጂ በልተውልኛል» አለችኝ። ለሐጂም እንኳን አደረሰዎት ብዬ ዘጋሁት።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ከዚያ በፊት ስላለው፣ ስለ 2016 ካላንደር ነው።

ያን ጊዜ ፒያሳ ነበርን። ለራሳችን ደንበኞች 300 ካላንደር አተምን፣ ጥሩ ወረቀት፣ ጥሩ ቀለም። ዲዛይነራችን የ2015ን ፋይል ከፍቶ ቀኖቹን አዛወረ፤ ቀዩን ገና ግን ታኅሣሥ 29 ላይ እንዳለ ተወው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜ 6 ትሆናለች። ከእሱ በሚቀጥለው በዘመነ ዮሐንስ ገና አንድ ቀን ቀድሞ 28 ላይ ይውላል። ይኼን እያንዳንዱ ዲያቆን ያውቀዋል። እኔም አውቀዋለሁ፤ ግን ፕሩፉን ያየሁት ለሎጎው ነበር። እውነቴን ነው፣ ዓይኔ ሎጎው ላይ ነበር።

መስከረም ላይ ስልክ ተደወለ። ሰባ ደረጃ አካባቢ ያለ የአንድ እድር ጸሐፊ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ መምህር። የመዋጮ ካርኒያቸውን ለዓመታት እኛ ነን የምናትመው። «ልጄ፣ ገናን ለምን ሰኞ አዋላችሁት? እሑድ ነው እኮ። ጾሙን አንድ ቀን ጨመራችሁብን» አሉኝ። ተስቋል፤ ግን ስልኩን ስዘጋ ላብ አጥምቆኛል። 300 ቤት ውስጥ የተሳሳተ ገና ሰቅዬአለሁ።

ትንንሽ ስቲከር አሳተምን፣ አንዱ ቀይ 28፣ አንዱ ጥቁር 29። ከዚያ ከልጆቹ ጋር ተከፋፍለን ቤት ለቤት፣ ሱቅ ለሱቅ ዞርን። ከራስ መኮንን ድልድይ እስከ ሜክሲኮ በእግሬ የሄድኩበት ቀን አለ። ታዲያ ለይቅርታ የሄድኩበት ሁሉ «ግቢ እንጂ» ይሉኛል፤ ቡና ይፈላል። የሰጠሁትን ስጦታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ያየሁትም ያኔ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ የእቁብ ዕጣዋን ቀን ከብባዋለች። አንድ መድኃኒት ቤት የዱቤ ደንበኞቹን የመጀመሪያ ፊደል በየሳጥኑ ጽፏል። አንድ ቤት ጳጉሜ ላይ የልጅ ልደት ተጽፎ አየሁ። እኛ ደግሞ ጳጉሜን እንደ ሁሉም አሳታሚ ከነሐሴ ሥር ጥግ ላይ ጠቅጥቀናታል፤ የልጅቷ ስም ከሳጥኑ ወጥቶ የኛ ስልክ ቁጥር ላይ ወጥቷል። በዚያ ዓመት ከስቲከሩ ዙረት የበለጠ ስጦታ የሰጠሁ አይመስለኝም።

«ደንበኛ» የምትለውን ቃል አስባችኋት ታውቃላችሁ? ባለሱቁ «ደንበኛዬ ነሽ» ይለኛል፤ እኔም ሽንኩርት የምገዛበትን ልጅ «ደንበኛዬ ነው» እላለሁ። ለሁለታችንም አንድ ቃል ነው። ጉልት ላይ ድንች ገዝታችሁ «መርቂልኝ» ስትሉ ሁለት ሦስት ፍሬ ትጨምራለች፤ ትርፍ ድንቿም፣ የአያታችን ቡራኬም ምርቃት ነው። እንኳን አደረሳችሁም እንደዚያው ነው፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» የሚል ከሌለ ግማሽ ነው የሚሆነው። የበዓል ጠዋት ከድርጅቶች በቴክስት ለሚመጣው ማን መልሶ ያውቃል?

ወደ ዝርዝሩ ልመለስ። ሒሳብ ሠራተኛችን የደረደረችው በብር ነው፤ ልክ ናት፣ ሥራዋ ነው። አንደኛው አንድ ጊዜ ትልቅ ባነር አሠርቶ፣ ዋጋ አስቀንሶ፣ ከዚያ ወዲህ ያላየነው አስመጪ ነው። እድሩ ግን አርባው ውስጥ የለም! በ2016 አጋማሽ ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ እኛም ለቀን ወጣን። ለሁሉም ደንበኛ በስልክ አሳወቅን፣ የእድሩ ጸሐፊ ስልክ ግን አልነሣ አለ። ከወር በኋላ ዣንጥላቸውን ይዘው በር ላይ ቆሙ። ከሊስትሮ ሊስትሮ እየጠየቁ ነው የመጡት። በመንገዳቸው ስንት ማተሚያ ቤት አልፈዋል፤ የፈለጉት ደግሞ ሁለት ጥራዝ ካርኒ ነው።

ስለዚህ ዝርዝሩን ዛሬ ማታ በእስክሪብቶ እየሰረዝኩ ነው። ብርን ትቼ ስንቴ እንደመጡ እያየሁ። ሁለት የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አሉ፤ ለእነሱ ካላንደር ብቻ፣ ለቢሮው፣ በደብዳቤ። ጨረታ በወጣበት ወር ለግዢ ክፍል ሰው ቡና ይዞ መሄድ እጅ መንሻ ነው፣ ስሙን ማሳመር አያስፈልግም።

ለሌሎቹ ግማሽ ኪሎ ቡና፣ ጥሬውን። የተቆላ አሽጎ መስጠት ያምራል፤ ግን በዓል ቤት ቡናው እዚያው ተቆልቶ ጭሱ ካልዞረ ምን በዓል ነው? ጥሬው ይቆያል፣ ጾምም የለበትም፣ ሃይማኖትም አይለይም። ከእሱ ጋር ካላንደሩ። ሳጥኖቹን አስፍተናቸዋል፤ ጳጉሜ የራሷ ገጽ አግኝታለች፣ ወረቀት ይፈጃል ብሎ ዲዛይነሩ ተከራክሮኛል። ሎጎው ከታች፣ አውራ ጣት ታክላለች። የሚያደርሰው ሞተረኛ አይደለም፤ እኔና ልጆቹ ነን።

ፕሩፉን ሦስቴ አይቼዋለሁ። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፣ ዘንድሮ ልክ ነው። ግን በራሴ ዓይን አላመንኩም። የማተሚያው ፕሌት ሳይወጣ ነገ ጠዋት ጠቅልዬ ይዤ ሰባ ደረጃ እወርዳለሁ፤ ለጋሼ ቀይ እስክሪብቶም እይዛለሁ። ደውዬላቸዋለሁ፣ «ቡና አስፈላልሻለሁ፣ ግን ከ3 ሰዓት በፊት ነይ፣ ከዚያ በኋላ የእድር ስብሰባ አለብኝ» ብለዋል።