የእስክሪፕቶ ጽሑፍ ቆሻሻ አይደለም

እንደምን አመሻችሁ የሙዚቃ ሸክላ ወዳጆች!

የስብስባችን አሥረኛ ዓመት ነውና «ስለ ሸክላ አያያዝ ተናገር» ተባልኩ። ስለ አቧራና ስለ መርፌ ግን ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ አንዲት ሸክላ ልነግራችሁ ነው።

ከ12 ዓመት በፊት እዚሁ ለንደን፣ ብሪክስተን ውስጥ፣ አንድ ጃማይካዊ አዛውንት ቤት ሊቀይሩ ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር። ሁለት የሙዝ ካርቶን ሙሉ ባለ 7 ኢንች ሸክላ አላቸው። ተንበርክኬ ሳገላብጥ የጃማይካዎቹን ሬጌ ዘፋኞች፣ የአቢሲኒያንስን «ሳታ ማሳጋና» አገኘሁ። ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ሦስቱ ልጆች እ.ኤ.አ. በ1969 ጃማይካ፣ ኪንግስተን፣ ስቱዲዮ ዋን የሚባል ቀረጻ ቤት ገብተው ቀዱት። የስቱዲዮው ባለቤት ኮክሰን ዶድ ሳያወጣው ቀረ። በ1971 በራሳቸው ሌብል (የሸክላ አሳታሚ)፣ በክሊንች፣ አወጡት። በርዕሱ ሊሉ የፈለጉት «ሰጠ፣ አመሰገነ» ነው። ግጥሙ ውስጥ «አምላክ» እና «ሁልጊዜ»ም አሉበት። ሰዋስው አንቆጥርባቸውም። ከዚያ ማዶ ሆነው በኛ ቃል ፈጣሪን ማመስገናቸው እኔን ዛሬም ያባባኛል።

ሸክላዋን ሳወጣት መሃል ወረቀቷ ላይ በሰማያዊ እስክሪፕቶ ፊደል ተጽፎባታል። የኛ ፊደል! «ሰ» አንድ እግሩ ከሌላው ይረዝማል። የ«ጠ» መካከለኛ እግር ተረስቶ፣ በኋላ በሌላ ቀለም ተጨምሯል። «አመሰገነ» ቦታ ጠቦት ቀዳዳውን ዞሮ ሄዷል። «ማን ጻፈው?» ብላቸው «እኔ ነኝ» አሉ። በወጣትነታቸው ከአንድ ቄስ ዘንድ ሀ ሁ ቆጥረው ነበር። መጀመሪያ የጻፉት ቃል ይኼ ነው። ልብስ ላይ፣ ደብተር ላይ አይደለም፤ ሸክላቸው ላይ ጻፉት።

ትንሽ ትንጫጫ ስለነበር ለአንድ ሱቅ እንዲያጥቡልኝ ሰጠኋት። በሳምንቱ ስሄድ እንደ መስታወት ታበራለች። ወረቀቷም ንጹሕ ሆኗል። የሱቁ ልጅ ፈገግ ብሎ «ጽሑፉን አነሳሁልህ፣ አሁን ዋጋዋ ይጨምራል» አለኝ። ቃል አልወጣኝም። ከፍዬ ወጣሁ።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ያስተማርነው እኛ ነን! ሸክላ ስንሸጥ «ወረቀቱ ላይ ተጽፎበታል» ብለን ደረጃ የምንቀንስ እኛ ነን። ማን ያወጣው ሕግ ነው? በኪንግስተን የሳውንድ ሲስተም ሰዎች፣ ማለትም ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ይዘው ዳንስ የሚያጫውቱት፣ ተፎካካሪ የዘፈኑን ስም እንዳያውቅባቸው ወረቀቱን ይፍቁት ነበር። እነ ዱክ ሪድና ኮክሰን የተፎካከሩት እንዲህ ነው። ያን ፍቅፋቂ «ጉድለት» እንለዋለን? ዳንስ ላይ እንዳትጠፋባት ስሟን ሸክላዋ ላይ የጻፈች ልጅ «አበላሸች» ትባላለች? እነዚህ ሸክላዎች ከሙዚየም አልመጡም። ከሰው እጅ ነው የመጡት! ያን እጅ በአልኮል እየጠረግን «ሰብሳቢ ነን» አንበል!

ከሬጌ በፊት ስለነበረው የጃማይካ ሙዚቃ፣ ስለ ሮክስቴዲም ተናገር ተብያለሁ። ዘመኑ አጭር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1968 ድረስ። የጀመረው ጃንሆይ ጃማይካን በጎበኙበት ዓመት ነው። የዱክ ሪድን ሌብል፣ የትሬዠር አይልን ሸክላ የምትፈልጉ፣ በደንብ ሳታዳምጡ አትግዙ። አቀማመጥን በተመለከተ፣ አቁማችሁ ደርድሩ፣ ከራዲያተር አርቁ። በቃ።

ያችን ሸክላ ዛሬ ይዣት መጥቻለሁ። ቀለሙ ቢጠፋም አዛውንቱ እስክሪፕቶውን ጠበቅ አድርገው ነው የያዙት። መብራት ሥር ዘንበል ካደረጋችኋት ወረቀቱ ላይ ጎድጎድ ያለው ይታያል፣ የ«ጠ» መካከለኛ እግር ሳይቀር። መርፌውን ሳላስቀምጥ በፊት በየተራ ኑና እዩት።