ድቡን ተዉት፣ ባሕሩን እዩ፦ ስለ ኦሎምፒክ ፓርክ የእግር ጉዞ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም በዋሽንግተን ስቴት ስላለው ኦሎምፒክ ብሔራዊ ፓርክ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። አይገርምም። ከሲያትል በጀልባ ተሻግረው በመኪና የሚደርሱበት ቦታ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1938 የተቋቋመው ይህ ፓርክ በረዶ የለበሰ ተራራ፣ ጥቅጥቅ ያለ የዝናብ ደንና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ሰው ያልሰፈረበት የባሕር ዳርቻ አለው። በአየር ላይ ያልደረስንባቸውን ጥያቄዎች አሳጥሬ እዚህ መልሻለሁ።

«ልጄ ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ቀን በባሕሩ ዳር ሊጓዝ ነው። በድንኳን ነው የሚያድሩት። ድብ አለ ሲሉኝ እንቅልፍ አጣሁ።» (እናት፣ ከሬንተን)

እናቴ፣ ድብ አለ። ግን ጥቁር ድብ ነው፤ ግሪዝሊ የሚሉት ትልቁ ቡናማ ድብ እዚያ የለም። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲያይ መንገዱን ይቀይራል። ምግብ በቤር ካን፣ ማለትም አውሬ በማይከፍተው ጠንካራ ዕቃ፣ መያዝ በባሕር ዳርቻው ላይ ግዴታ ነው። እውነቱን ለመናገር የበለጠ የሚያስቸግረው ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ ነው። ሌሊት ቦርሳ ከፍቶ በሶውን ይጨርሰዋል። ሽታ ያለው ሁሉ፣ የጥርስ ሳሙናም ሳይቀር፣ እዚያው ዕቃ ውስጥ ይግባ።

እኔ ብሆን ልጁን የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። የታይድ ሰሌዳ፣ ማለትም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰዓት የተጻፈበትን፣ ይዟል? ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይሸሻል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሜትር ሊበልጥ ይችላል። ጠዋት ሰፊ አሸዋ የነበረው ቦታ ከሰዓት በኋላ ገደሉን የሚመታ ውሃ ይሆናል። ወደ ባሕሩ ገባ ያሉ አፍንጫ መሳይ ቋጥኞች አሉ። አንዳንዶቹን ማለፍ የሚቻለው ውሃው ሲጎድል ብቻ ነው። ካርታው ላይ ውሃው ከስንት ጫማ በታች ሲሆን እንደሚታለፍ ተጽፏል። ያንን ቁጥር ከሰሌዳው ጋር ማስተያየት ነው።

ጭራሽ በባሕሩ በኩል የማይዞሩም አሉ። ከሦስተኛው ዳርቻ፣ ሰርድ ቢች ከሚባለው፣ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የሚገጥማቸው ቴይለር ፖይንት አንዱ ነው። እዚያ በገመድና በመሰላል ወጥተው በጫካው ማለፍ አለባቸው። መውጫውን የሚያሳይ ክብ ምልክት ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ምልክቱን አልፈው «ትንሽ ወደፊት እንየው» ያሉ ሰዎች ናቸው ውሃና ገደል መሃል የሚቀረቀሩት።

ሌላው ሰዓቱ ነው። በፓርኩ አቅራቢያ ያለው የላ ፑሽ መለኪያ ነጥብ ሰሌዳ ይጠቅማቸዋል። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ የትናንቱ ሰዓት ለዛሬ አይሠራም። በቡድኑ ውስጥ አማርኛ ተናጋሪ ካለ ደግሞ በአንድ አቆጣጠር ይስማሙ። አንዱ «ሰባት ሰዓት» ብሎ የምሳ ሰዓት ሲያስብ ሌላው ጠዋትን ካሰበ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ወረቀት ላይ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉት።

ዳርቻው ላይ የተከመሩት ትልልቅ ግንዶችም አደጋ ናቸው። ማዕበል ሲመጣ እንደ ክብሪት እንጨት ይንከባለላሉ፤ ሰው ገድለዋል። ባሕሩ በሚሞላበት ሰዓት ግንዶቹ ላይ አይቀመጡ። መሬት ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ዕቃ ሳይሰበስቡ ወደ ከፍታ ይሩጡ፤ ሱናሚ ሊከተል ይችላል።

«ራስ ዳሽን ወጥቻለሁ። ኦሎምፐስ ተራራ ግማሹን ትንሽ ነው የሚያልፈው። ብቻዬን ብወጣውስ?» (ወጣት፣ ከሲያትል)

ወንድሜ፣ ስሌትህ ልክ ነው። ራስ ዳሽን 4,550 ሜትር ገደማ ነው፣ ኦሎምፐስ 2,432። ግን ራስ ዳሽንን በእግርህ ነው የወጣኸው። መኪናውም ከፍ ካለ ቦታ ነው ያደረሰህ። እዚህ የሆ ወንዝን ተከትለህ ከባሕር ወለል 200 ሜትር ከማይሞላ ቦታ ትነሳለህ። 27 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደህ ግሌሸር ሜዶውስ የሚባለው ማደሪያ ስትደርስ ነው ተራራው የሚጀምረው። ከዚያ ወዲያ ብሉ ግሌሸር አለ። የበረዶ ግግር ነው፤ ስንጥቆቹን አዲስ በረዶ ይሸፍናቸዋል፣ ሰው ይውጣሉ። ገመድ፣ የበረዶ መጥረቢያ፣ ጫማ ላይ የሚታሰር የብረት ጥርስና ከስንጥቅ ሰው ማውጣት የሚያውቁ ጓደኞች ያስፈልጉሃል።

ብቻህን አትሂድ። ምክሬ፣ ከማደሪያው ትንሽ ወጣ ብለህ ግግሩን ከዳር ቁመህ እየውና ተመለስ። እሱም ቢሆን የሰሜን ተራሮችን ያየ ሰው የማይንቀው ትዕይንት ነው።

ልብስህንም አስብበት። የሆ ደን በዓመት 3.5 ሜትር ገደማ ዝናብ ይወርድበታል። ጂንስና የጥጥ ቲሸርት አንዴ ከራሰ አይደርቅም፤ ሙቀትህን ይጨርሰዋል። በረዶ ሳይኖር፣ በ10 ዲግሪ እንኳን ሰው በብርድ ሊሞት ይችላል። ሱፍ ወይም ሲንተቲክ ልበስ፣ ለመኝታ ደረቅ ቅያሪ በፕላስቲክ ጠቅልለህ ያዝ።

«የወንዙ ውሃ ኩልል ያለ ነው። ባሕር ዳር ያለው ግን ሻይ ይመስላል። የትኛው ይጠጣል?» (ከተክዊላ)

ሁለቱም፣ ከፈላ ወይም ከተጣራ። ሻይ የመሰለው ቀለሙን ያገኘው ከቅጠልና ከሥር ነው፤ ቀለሙ ብቻውን አይጎዳም። ኩልል ያለው ውስጥ ደግሞ የአገር ቤት ወዳጃችን ጃርዲያ ሊኖር ይችላል። ስለ እሷ ማስረዳት ያለብኝ አይመስለኝም።

«ዕረፍት የማገኘው ነሐሴ ላይ ነው፣ ፍልሰታን እጾማለሁ። እየጾምኩ መጓዝ እችላለሁ?» (ከኤቨረት)

የጾሙን ነገር ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። እኔ የእግሩን ልናገር። የጾም ምግብ ለጉዞ ምቹ ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ቴምር፤ ቀላል ናቸው፣ አይበላሹም። ችግሩ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውሃ ከባድ ቦርሳ መሸከሙ ነው። ባሕሩ ደግሞ የእርስዎን ሰዓት አይጠብቅም። በበጋ ቀን ላይ ያለው ዋናው ጉድለት ብዙ ጊዜ ጠዋት ስለሚውል፣ አስቸጋሪውን ክፍል ባዶ ሆድዎን ይሆናል የሚያልፉት። ስለዚህ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ሸክም የሌለው የቀን ጉዞ ይሻላል። ከሪያልቶ ዳርቻ ሆል ኢን ዘ ዎል የሚባለው ቀዳዳ ዓለት ድረስ ደርሶ መልስ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካዞረዎት ግን ቁጭ ይበሉና ይጠጡ።

«እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ ጉልበቷን ያማታል። የት ልውሰዳት?» (ከሾርላይን)

ሃሪኬን ሪጅ። ከፖርት አንጀለስ 27 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ይወጣል፤ ተራሮቹ ከመኪና ማቆሚያው ይታያሉ። ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ አዲስ አበባ ለለመደች እናት አየሩ ምንም አይደለም። እዚያ የነበረው የእንግዳ ማረፊያ በ2023 ተቃጥሏል፣ ምግብና ትኩስ ነገር ከቤት ያዙ። ጋቢም አትርሱ። በሌላ ቀን ሆል ኦፍ ሞሲስን አሳያት፤ በሆ ደን ውስጥ ያለ 1.3 ኪሎ ሜትር ዙር ነው። መንገዱ በታኅሣሥ 2024 በጎርፍ ተቆርጦ በቀጣዩ ግንቦት ነው የተከፈተው፤ ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እይ። በበጋ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ማቆሚያው ስለሚሞላ በጠዋት ድረሱ።