ጉንጩ ተሰብሮ 80 ደቂቃ፦ ሳም በርጅስና የራግቢ ሊግ ፎርዋርድ ሥራ

[ምስል፦ ሲድኒ፣ ማታ። የሞላ ስታዲየም። ኳሷ ገና ተመትታ አየር ላይ ናት።]

ቪዲዮውን እዚህ ጋ ላቁመው። ቀኑ ኦክቶበር 5፣ 2014 ነው። ዛሬ ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው፣ እንዳትደናገሩ። የአውስትራሊያ ራግቢ ሊግ የዋንጫ ፍጻሜ ነው። 83,833 ሰው ገብቷል።

ኳሷ አሁን አንድ ግዙፍ እንግሊዛዊ እጅ ትገባለች። ሳም በርጅስ ይባላል፣ የሳውዝ ሲድኒ ክለብ ፎርዋርድ። ቁመቱ 1 ሜትር ከ96 ነው። ከፊቱ ከባላጋራው ቡድን ሌላ እንግሊዛዊ፣ ጄምስ ግራሃም፣ እየሮጠ ይመጣል። ማናቸውም ዞር አይሉም። ልልቀቀው።

[ግጭቱ፣ በዝግታ]

ጭንቅላት ለጭንቅላት። በርጅስ ሲነሳ ፊቱን በእጁ ይዟል። የጉንጩ አጥንትና የዓይኑ ዙሪያ ተሰብሯል። ጨዋታው ገና መጀመሩ ነው! ሰውዬው ግን ከሜዳ አልወጣም። እስከ መጨረሻው ተጫወተ።

ጀግንነቱን ትንሽ ቆይተን እንመለስበታለን። መጀመሪያ ግን ይሄ ሰው ምን ሊያደርግ ነው ወደ ግድግዳ የሚሮጠው?

[ሰሌዳ፦ የሜዳው ንድፍ፣ 13 ለ 13]

ራግቢ ሊግ በ13 ሰው ነው የሚጫወቱት። ኳስ የያዘ ቡድን ስድስት ጊዜ እስኪጣል ድረስ ዕድል አለው። ከዚያ ኳሷን ለባላጋራ ያስረክባል። ከ13ቱ ስድስቱ ፎርዋርድ ይባላሉ። የተቀሩት ሰባቱ ይሮጣሉ፣ ያታልላሉ፣ ብዙውን ጊዜ ትራይ የሚያስቆጥሩትም (ኳሷን ከባላጋራ መስመር ማዶ መሬት የሚያስነኩትም) እነሱ ናቸው። ፎርዋርድ ደግሞ መንገድ ይጠርጋል።

ሥራውን ጠጋ ብላችሁ ካያችሁት እንዲህ ነው። ኳስ ይዘህ ወደ ሦስት ሰው ትሮጣለህ። ይጥሉሃል። አሁን አንተ ቶሎ መነሳት ትፈልጋለህ፣ እነሱ ደግሞ እንዳትነሳ። አንዱ ትከሻህን ይጫናል፣ አንዱ እግርህን ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው፣ ዳኛው ‹‹ልቀቀው!›› እያለ ይጮኻል። ተነስተህ ኳሷን መሬት አስቀምጠህ በእግርህ ወደ ኋላ ታንከባልላታለህ። ለምን ይሄን ያህል ትግል? የሚከላከለው ቡድን 10 ሜትር ወደ ኋላ መመለስ አለበት። አንተ ቶሎ ከተነሳህ እነሱ ገና እያፈገፈጉ ነው። ከኋላህ ያለው ፈጣን ልጅ ክፍተት የሚያገኘው ያኔ ነው። ጭብጨባው ለእሱ ነው።

ኳሷ ስትወሰድባችሁስ? ያው ነገር በተቃራኒው። ጣል፣ ተነስ፣ 10 ሜትር ወደ ኋላ ሩጥ፣ እንደገና ጣል። ለዚህ ነው ብዙ ፎርዋርዶች ተቀይረው ትንፋሽ ወስደው የሚመለሱት። በርጅስ በዚያ ማታ የተሰበረውን ጉንጭ ይዞ 80 ደቂቃ መቆሙ የሚገርመው በዚህ ምክንያት ነው።

[ምስል፦ የሰሜን እንግሊዝ የድሮ ፋብሪካዎች]

በርጅስ የተወለደው በ1988 ዲውስቤሪ፣ ዮርክሻየር ውስጥ ነው። ሃደርስፊልድ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ራግቢ ሊግ የተጀመረው እዚያ፣ ጆርጅ በሚባል ሆቴል፣ በ1895 ነው። ነገሩ የደመወዝ ጉዳይ ነበር። ማዕድን ቆፋሪውና የፋብሪካ ሠራተኛው ቅዳሜ ለመጫወት ሲል የቀን ገቢው ይቀርበታል። ክለቦቹ ‹‹ያጣውን እንክፈለው›› አሉ። ከላይ ያሉት የራግቢ ኃላፊዎች ‹‹ስፖርት በገንዘብ አይሆንም›› አሉ። ሆድ ላልራበው ማለት ቀላል ነው። ክለቦቹ ተገነጠሉ።

የሳም አባትም የሊግ ተጫዋች ነበሩ። ሳም በ17 ዓመቱ ለብራድፎርድ ቡልስ መጫወት ጀመረ። በ2007 የእንግሊዝ ሱፐር ሊግ ምርጥ ወጣት ተብሎ ተሸለመ። በዚያው ዓመት አባቱ ጡንቻን ቀስ በቀስ በሚያሽመደምድ የነርቭ በሽታ ሞቱ።

በ2010 ወደ ሲድኒ ሄደ፣ ወደ ሳውዝ ሲድኒ። ከክለቡ ባለቤቶች አንዱ የፊልም ተዋናዩ ራስል ክሮው ነው። ወንድሞቹም ተከተሉት። በ2013 አራቱም የበርጅስ ልጆች በአንድ ጨዋታ ላይ አብረው ለክለቡ ተሰለፉ። እናታቸው የትኛውን ልጅ ሲጣል አይታ እንደምትጮኽ አስቡት።

ሳውዝ ሲድኒ የሠፈር ክለብ ነው። ከ1971 ጀምሮ እስከዚያ ማታ ዋንጫ አላየም ነበር። በ1999 መጨረሻ ከሊጉ ተባርሮ ደጋፊው አደባባይ ወጥቷል፣ በፍርድ ቤት ተከራክሮ በ2002 ተመልሷል። አሁን ጉንጩን መለስ ብላችሁ እዩት። በ1970 ፍጻሜ የዚሁ ክለብ አምበል ጆን ሳትለር መንጋጋው ተሰብሮ ጨዋታውን ጨርሶ ነበር፣ አሸንፈውም። የክለቡ ደጋፊ ያንን ታሪክ ከልጅነቱ እየሰማ ነው ያደገው። እና ከ44 ዓመት በኋላ ሌላ ፎርዋርድ ፊቱን ይዞ ሲነሳ ስታዲየሙ ምን እንደተሰማው ገምቱ። 30 ለ 6 አሸነፉ። በርጅስ የክላይቭ ቸርችል ሜዳሊያን ወሰደ፣ ማለትም የፍጻሜው ኮከብ። (ቸርችል ሲባል ጠቅላይ ሚኒስትሩ አይደሉም፣ የድሮ የሳውዝ ተጫዋች ነው።)

[ምስል፦ ትዊክንሃም፣ 2015]

ከዚያ ወደ ሌላው ራግቢ፣ የ1895ቱ ክለቦች ተገንጥለው ወደወጡበት፣ ወደ ዩኒየን፣ ተሻገረ። እኔን ብትጠይቁኝ ችኮላ ነበር። ባዝ የተባለው ክለቡ ከፎርዋርዶቹ ጋር አሰለፈው። ብሔራዊ ቡድኑ ግን በ2015 የዓለም ዋንጫ በመሀል ተጫዋችነት (ሴንተር)፣ ከሯጮቹ ጋር አስገባው። እንግሊዝ በዌልስ 28 ለ 25 ተሸነፈች፣ በአውስትራሊያም ተደገመች፣ አዘጋጅ ሆና ከምድቧ ሳታልፍ ቀረች። ጣት የተቀሰረው እሱ ላይ ነው። በዌልሱ ጨዋታ ግን እሱ ተቀይሮ ሲወጣ እንግሊዝ ትመራ ነበር። ይሄን ማን ያነሳል?

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሲድኒ ተመለሰ። በ2017 ከእንግሊዝ ጋር የሊግ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ፣ በአውስትራሊያ 6 ለ 0 ተሸነፉ። በ2019 መጨረሻ፣ በ30 ዓመቱ፣ ጫማውን ሰቀለ። ጉንጩ ድኗል። ያስቆመው ትከሻው ነው። የዚያ ሁሉ ጣል፣ ተነስ ሂሳብ የሚከፈለው እዚያ ጋ ነው።

[ምስል፦ ዌምብሌይ፣ አሠልጣኝ በዳር]

ከዚያ አሠልጣኝ ሆነ። በ2024 የውድድር ዘመን የእንግሊዙን ዋሪንግተን ያዘ። በዚያው ዓመት የቻሌንጅ ካፕ፣ ማለትም የእንግሊዝ ሊግ የጥሎ ማለፍ ዋንጫ፣ ፍጻሜ ደርሶ በዊጋን 18 ለ 8 ተሸነፈ። በ2025 እንደገና ለፍጻሜ ዌምብሌይ ገባ። ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀር ይመራ ነበር። ባላጋራው ኸል ኬአር ትራይ አገባ፣ ከትራይ በኋላ የምትሰጠውን ምትም አስቆጠረ፣ 8 ለ 6። በርጅስ ዳር ቆሞ ያያል። በዚህ ጊዜ ኳስ ይዞ የሚሮጥበት ግድግዳ እንኳ የለውም።