የሳባን ቤት ፍለጋ ዚምባብዌ

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጉዞ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ያየሁት ነገር ግን ከውስጤ አልወጣ አለኝ፣ ስለዚህ ለእናንተው ላውራው።

ታላቋ ዚምባብዌ ሄጄ ነበር። የድንጋይ ፍርስራሹን ማለቴ ነው። ከሐራሬ ወደ ደቡብ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ማስቪንጎ ከተማ አጠገብ ነው። አገሪቱ በ1980 ነፃ ስትወጣ ስሟን ያገኘችው ከዚህ ቦታ ነው። በሾና ቋንቋ የድንጋይ ቤቶች እንደማለት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ፣ እሺ?

መጀመሪያ ስለ ካቡ ልንገራችሁ። አያቴ መንዝ ነው የኖሩት፣ ካብ በመካብ የታወቁ ነበሩ። ልጅ ሆኜ ክረምት ላይ እሳቸው ጋ ስሄድ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አያቸው ነበር። ድንጋዩን ያነሱና ያገላብጡታል፣ ደግመው ያገላብጡታል፣ ከዚያ ቦታው ላይ ሲያሳርፉት በቃ፣ አይነቃነቅም። "ድንጋይ ፊት አለው፣ ፊቱን ካላገኘሽለት አይቀመጥልሽም" ይሉኝ ነበር።

ታላቁ ግቢ የሚሉት ቅጥር ሥር ስቆም ታዲያ ዓይኔ ቀድሞ የሄደው ወደ መገጣጠሚያው ነው። ጭቃ የለም። ኖራ የለም። ዙሪያው 250 ሜትር የሚያህል፣ ከፍታው እስከ 11 ሜትር የሚደርስ፣ ሥሩ ላይ ቢያንስ አምስት ሰው ትከሻ ለትከሻ የሚያቆም ግድግዳ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ብቻ ተቀምጦ ስንት መቶ ዓመት ቆሟል። ከውጭም ከውስጥም የተስተካከለ ድንጋይ በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል፣ መሀሉ ደግሞ ባልተጠረበ ድንጋይ ተሞልቷል። ወደ ላይ ሲወጣ ወደ ውስጥ ጋደል ይላል። አናቱ ላይ እንደ ሰፌድ ጥለት እየተጠማዘዘ የሚሄድ ጌጥ አለ፣ እሱን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። አያቴ ቢያዩት ብዬ ይሆናል።

ድንጋዩ ግራናይት ነው፣ እዚያው ከኮረብታው የመጣ። ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይበርዳል፣ እንዲህ እያለ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በንጣፍ በንጣፍ ይላቀቃል። ሰዎቹ ደግሞ እሳት ያነዱበትና ውሃ ያፈሱበት ነበር፣ ቶሎ እንዲሰነጠቅ።

የካቡት የሾና ሕዝብ ቅድመ አያቶች ናቸው፣ ከ11ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ። ከብት ያረቡ ነበር፣ ወርቅ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ ሶፋላ ይልኩ ነበር። ከቁፋሮው የቻይና ሸክላ ሳይቀር ወጥቷል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልሄድ ስል አባቴ ምን አለኝ፣ "የእኛዋ የንግሥተ ሳባ ቤት ነው ይባላል እኮ፣ ደህና አድርገሽ እዪው"። ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፣ በጣም ደስ አለኝ። አስጎብኚያችንን እንደደረስኩ የጠየቅኳቸውም እሱን ነው። እዚያው አካባቢ ተወልደው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ ቁጭ በይ አሉኝ።

በ1871 ካርል ማውክ የሚባል ጀርመናዊ መጣ። ከበር ላይ የነበረ እንጨት ሰንጥቆ ሲያይ ቀለሙና ሽታው የራሱን እርሳስ መሰለው። እርሳሱ የዝግባ ነው፣ እንግዲህ ይሄም ከሊባኖስ የመጣ ዝግባ መሆን አለበት፣ ከሊባኖስ ልታስመጣ የምትችለው ደግሞ የሳባ ንግሥት ናት አለ። እንጨቱ ግን እዚያው አገር የሚበቅል ዛፍ ነበር። ወሬው ለቅኝ ገዢዎቹ ተመቻቸው። ጥቁር ሰው ይሄን አልሠራም ከተባለ መሬቱም የጥቁር ሰው አይደለም ማለት ይቻላላ! ከ1902 ጀምሮ ቦታውን እንዲጠብቅ የተሾመው ሪቻርድ ሆል የአፍሪካውያኑን የኑሮ ዱካ እንደ ቆሻሻ ቆጥሮ አፈሩን በሜትር አስጠረገው። ታሪኩ ያለው እዚያ አፈር ውስጥ ነበር። በ1905 አርኪዮሎጂስቱ ራንዳል ማካይቨር፣ በ1929 ደግሞ ገርትሩድ ካተን ቶምፕሰን ቆፍረው፣ ይሄ የአፍሪካውያን ሥራ ነው ብለው ጻፉ። እንዲያም ሆኖ ከ1965 በኋላ የነበረው የነጮች መንግሥት እውነቱን የሚናገሩትን ያዋክብ ነበር።

ቁጭ ባልኩበት ደነገጥኩ። ንግሥታችንን ያከበሩልን መስሎኝ ነበርና። በእነሱ ሐሳብ ውስጥ የነበረችው ግን የእኛዋ ማክዳ አይደለችም፣ ከባሕር ማዶ የመጣች ነጣ ያለች ሴት ናት። ስሟን ያነሱት ባለቤቱን ከቤቱ ለማስወጣት ነው። እኔም ያንኑ ስም በኩራት ይዤ ባለቤቶቹ ደጅ ደረስኩ። ይሄ በጣም ከበደኝ። ሽማግሌውን ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

አክሱም ያለው ዱንጉርም ትዝ አለኝ። የንግሥተ ሳባ ቤተ መንግሥት እያልን ነው ያደግነው፣ አርኪዮሎጂስቶች ግን ከክርስቶስ ልደት በኋላ 6ኛው መቶ ዓመት አካባቢ ያደርጉታል፣ እሷ ኖረች ከሚባልበት ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ። ያንን የሠሩ ግንበኞች እነማን ነበሩ ብዬ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ሙዚየሙ ውስጥ ወፎቹ አሉ፣ ከሳሙና ድንጋይ የተጠረቡት፣ ባንዲራቸው ላይ ያለችው ወፍ። አንዷን የእንግሊዝ ቅኝ ገዢው ሴሲል ሮድስ ኬፕታውን ቤቱ ወስዷት ነበር። የሌላዋ የታችኛው ግማሽ ጀርመን ነበር፣ የተመለሰው በ2003 ነው። ሽማግሌው "የእናንተንም ሐውልት ወስደውት ነበር አይደል?" አሉኝ። አዎ፣ በ1937 ጣልያን ወስዶት በ2005 መለሰልን፣ በ2008 ቆመ አልኳቸው። ፈገግ አሉና "ቆመ?" ብለው ደግመው ጠየቁኝ። ቆሟል አልኳቸው።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። "አባዬ፣ የሳባ አይደለም" አልኩት። "ታዲያ የማን ነው?" አለኝ። እዚሁ የሚኖሩት ሰዎች አያቶች የካቡት ነው አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። እሱም የካበኛ ልጅ ነው። ከዚያ "በጭቃ ነው?" አለኝ። ያለ ምንም ጭቃ አልኩት። "እስቲ ነገ ሄደሽ፣ ፊቱን አሳዪኝ" አለኝ።

በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩና ቪዲዮ ደውዬለት ስልኬን ወደ ግድግዳው አዞርኩለት። ከረድፍ ወደ ረድፍ ቀስ እያልኩ አሳየሁት።