ቃለ ጉባኤው የማይነግረን

ሂሩት፦ የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ሲጻፍ ዋናው ምንጭ ብዙ ጊዜ የሴኔት ቃለ ጉባኤና የፕሬዚዳንቶች ንግግር ነው። እኔ ይህን አካሄድ በጥርጣሬ ነው የማየው። ቃለ ጉባኤ የተወሰነውን ይነግረናል፤ ስንቱ አኩርፎ ከስብሰባ እንደወጣ ግን አይነግረንም።

ሳሙኤል፦ እና ይጣል?

ሂሩት፦ ኧረ በፍጹም! ማን፣ መቼ፣ ምን እንደወሰነ የሚያስረዳው እሱ ነው። ብቻውን ሲቀር ግን ታሪኩ የአስተዳደሩ ታሪክ ይሆናል። የተማሪዎች በራሪ ወረቀት፣ መምህሩ በኅዳጉ ላይ የጫጫረበት የትምህርት ማስታወሻ፣ የቴአትር ክበብ ማስታወቂያ፣ ውድቅ የተደረገ የአዲስ ትምህርት ክፍል ጥናት፤ እነዚህን ልዩ ስብስቡ፣ ማለትም ብርቅ መጻሕፍትና ሰነዶች የሚጠበቁበት የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል፣ ካልተቀበላቸው ማን ያስቀምጣቸዋል?

ሳሙኤል፦ መደርደሪያው ግን ወሰን አለው።

ሂሩት፦ ልክ ነህ፤ ከመዝገብ ባለሙያ ሥራ ትልቁ ክፍል ማስወገድ ነው። የሚያናድደኝ ባለሙያው ሳያየው የሚወገደው ነው። መምህሩ ጡረታ ሲወጣ ቢሮው በጥድፊያ ይለቀቃል፤ የአርባ ዓመት ወረቀት ዕጣ ፈንታ ቁልፍ በሚረከበው ሰው እጅ ይወድቃል።

ሳሙኤል፦ ከተረፈም በኋላ ሌላ ጥፋት አለ፤ አሳምራለሁ ብሎ ማደባለቅ። ደብዳቤዎቹን ከፋይላቸው አውጥቶ በርዕስ የሚያደራጅ ሰው ትጉህ ይመስላል። ነገር ግን የትኛው ደብዳቤ ከየትኛው አጠገብ እንደነበረ ራሱ ማስረጃ ነው። ወረቀቱ ከማን እንደመጣና በምን ቅደም ተከተል እንደተያዘ ከጠፋ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ሂሩት፦ የሉቨንን ታሪክ የማነሣው ለዚህ ነው። የቤልጅጉ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በ1914 እ.ኤ.አ. በጀርመን ወታደሮች ተቃጠለ፤ እንደገና ተሠርቶ በ1940 ዳግመኛ ነደደ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በቋንቋ ጠብ ለሁለት ሲከፈል መጻሕፍቱ እንዴት እንደተከፋፈሉ ታውቃለህ?

ሳሙኤል፦ በመደርደሪያ ቁጥራቸው! ጎዶሎው ለአንዱ፣ ሙሉው ለሌላው።

ሂሩት፦ ከእሳት የተረፈውን ቁጥር በታተነው።

ሳሙኤል፦ ስለ እሳት ካነሣን ኬፕታውንን አንለፈው። በ2021 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ወር ከተራራው የወረደ ሰደድ እሳት የዩኒቨርሲቲውን የጃገር ንባብ አዳራሽ አወደመ። የእሳት መከላከያ መዝጊያዎቹ ስለወረዱ እሳቱ ወደ ምድር ቤቱ አልዘለቀም። ምድር ቤቱን የጎዳው የማጥፊያው ውሃ ነበር።

ሂሩት፦ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ውሃውን ነው። እርጥብ ወረቀት በሁለትና በሦስት ቀን ይሻግታል። ቶሎ ማድረቅ ካልተቻለ በማቀዝቀዣ ክፍል ይቀመጣል፤ ቅዝቃዜው ሻጋታውን ባይገድለውም ለሠራተኛው ፋታ ይሰጠዋል። የስብስቡ ዝርዝር ቅጂ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ምን እንደጠፋ እንኳን አይታወቅም።

ሳሙኤል፦ ስካን አድርገን ብንገላገልስ?

ሂሩት፦ ስካን ለአንባቢ ትልቅ በረከት ነው፤ መገላገያ ግን አይደለም። ፋይሉም ጠባቂ ይፈልጋል፤ ቅጂው በተለያየ ቦታ መቀመጥ፣ አለመበላሸቱ በየጊዜው መፈተሽ፣ ቅርጸቱ ሲያረጅ መለወጥ አለበት። ለእኔ ግን የባሰው አሁን የሚጻፈው ነው። ቀድሞ በደብዳቤ የሚካሄደው ክርክር ዛሬ ኢሜይል ውስጥ ነው።

ሳሙኤል፦ ዲኑ ሥራ ሲለቅ አካውንቱ ይዘጋል።

ሂሩት፦ ከመዘጋቱ በፊት የቤተ መዛግብቱ ሰው መጠራት አለበት። የሚረከበው ምን እንደሆነ፣ የግል ጉዳዩ እንዴት እንደሚለይ፣ ለተመራማሪ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሚከፈት ከዲኑ ጋር አስቀድሞ ይፈራረም። ዲኑ ሥራ በጀመረበት ሳምንት ቢሆን ደግሞ እመርጣለሁ፤ ሲሰናበት ማንም ለዚህ ጊዜ የለውም።