የወር አበባዋ ለምን ቀረ?

ክቡራን አሠልጣኞች፣ ወላጆች፣ ውድ ሯጮች፤ እንደምን አረፈዳችሁ!

ባለፈው ሚያዝያ አንዲት የ19 ዓመት ሯጭ ከእናቷ ጋር ወደ ምርመራ ክፍሌ ገባች። የባሕር ዳርን ሚያዝያ ታውቁታላችሁ፤ እኔ በላብ ርሼ ነበር። እጇን ስጨብጥ ግን ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ክንዷ ላይ የአራስ ልጅ የመሰለ ለስላሳ ጠጉር በቅሏል። የወር አበባዋ ከቀረ ሰባት ወር ሆኖታል። «ለሯጭ ይሻላል፣ ሰውነት ይቀላል ብለውኛል» አለችኝ። እናቷ ነጠላቸውን እያፍተለተሉ ቆይተው፣ ልጃቸው ለመመዘን ስትወጣ ጠብቀው፣ «ዶክተር፣ ልጄ መካን ሆናብኝ ይሆን?» አሉ።

ምን እንደምትበላ ጠየቅኋት። ጠዋት ከልምምድ በፊት ባዶ ሻይ፣ ከልምምድ በኋላ አንድ ዳቦ፣ ማታ ግማሽ እንጀራ በሽሮ። ይኸው ነው። እርግዝናውንም፣ የእንቅርት ዕጢውንም፣ ሌላውንም መረመርን፤ ምንም አልተገኘም። ልጅቷ መካን አልነበረችም። ተርባ ነበር።

ረኃብ ማሕፀን ድረስ የሚደርሰው እንዴት ነው? ጃፓናውያኑ ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባልደረቦቻቸው ጋር ግሬሊን የተባለውን ሆርሞን አገኙ። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ ነው። ሆድ ባዶ ሲሆን በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ስንበላ ይቀንሳል። ወደ አንጎል ሄዶ የምግብ ፍላጎትን ይቀሰቅሳል።

ሥራው በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እዚህ ባልቆምኩ። አንጎላችን ውስጥ ሃይፖታላመስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። ለመዋለድ የሚያስፈልገውን ትእዛዝ ያለማቋረጥ አያፈስም፤ እንደ ከበሮ ምት እየቆየ ይመታል። ምቱን ፒቱታሪ ዕጢ ይቀበልና በራሱ ሆርሞን አማካይነት ወደ እንቁላል ማምረቻው ያስተላልፋል። በፈቃደኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ግሬሊን ሲሰጣቸው ይህ የፒቱታሪ ምት ዘገየ። ምቱ ሲዘገይ እንቁላል አይበስልም፤ ከማምረቻው የሚመነጨው ኤስትሮጅን የተባለ ሆርሞን ይወርዳል፤ የወር አበባም ይቀራል። ግሬሊን ብቻውን አይደለም፤ ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን ማነሱና የጭንቀት ሆርሞን መብዛቱም አብረው ይሠራሉ። ሁሉም ግን ለአንጎል የሚያደርሱት ወሬ አንድ ነው፦ ስንቅ የለም፤ አሁን ጽንስ መሸከም አይቻልም።

ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ዞራችሁ ፎገራ ሜዳ ብትወርዱ፣ አርሶ አደሩ ነገሩን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። የከሳች ላም ኮርማ አትፈልግም። ሣሩ ለምልሞ ጎኗ ሲሞላ ግን ትፈልጋለች። እርሱም መኖ ይጨምርላታል እንጂ አይወቅሳትም። በሰውም ታይቷል፦ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1944 ወደ 1945 በተሻገረው የብርድ ወቅት፣ ሆላንድ ውስጥ ረኃብ ገብቶ ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ቀረ፤ ከዘጠኝ ወር በኋላ በተራቡት ከተሞች የሚወለደው ሕፃን በግማሽ ያህል ቀነሰ። ምግብ ሲመለስ ልደቱም ተመለሰ።

ስለዚህ እናቶች፣ በልጆቻችሁ ላይ «መካን» የሚለውን ቃል አትጣሉ። አሠልጣኞች ደግሞ «ይሻላል» የሚለውን ምክር ተዉ፤ ለምኜ ነው የምላችሁ። ኤስትሮጅን ሲጎድል አጥንት ይሳሳል። በዚህ ዕድሜ መጠራቀም የነበረበት አጥንት በኋላ ሙሉ በሙሉ ላይተካ ይችላል። ልጅቷን ወደ እኔ ያመጣትም መጀመሪያ የወር አበባዋ ሳይሆን የቅልጥሟ ሕመም ነበር፤ አጥንቷ ተሰንጥቆ ነበር።

ልምምዷን ቀነስን። ከልምምድ በፊት በሶ፣ ከልምምድ በኋላ እንቁላልና ወተት፣ በጾም ወቅት ባቄላና ሱፍ፣ ምሳዋም ሳይዘለል። በስድስተኛው ወር እናቷ ደወሉልኝ። ገና ሰላምታ ሳንለዋወጥ «መጣ!» አሉኝ።

አሠልጣኞች ሆይ፣ ሰዓቷንና ኪሎ ሜትሯን በምትመዘግቡበት ደብተር ላይ አንድ መስመር ጨምሩ፦ የወር አበባዋ መጣ ወይስ ቀረ? ጥያቄውን የምታምናት ሴት ትጠይቃት፤ መልሱም በምስጢር ይያዝ። ሦስት ወር ከቀረባት ሳትውል ሳታድር ወደ ሐኪም ላኳት።